ወይዘሮ ደረሰኝ ላውንጅ የገቡ ዕለት

አክስቴ ከአየር ማረፊያ ላውንጅ አምስት ዳቦና አንድ ብልቃጥ ማር በቦርሳቸው ሸሽገው ሲወጡ ተይዘው፣ በዘበኛ ታጅበው ተባረሩ እየተባለ ይወራል። ወሬው ሰፈሩን ሁለቴ ዞሮ እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ሲደርስ ዳቦው ዘጠኝ ሆኖ ነበር። እኔ መቼም በወሬ ያደግኩ፣ ጡትም የጣልኩት በወሬ ስለሆነ ጥሩ ወሬ ማበላሸት አልወድም። ይሄኛውን ግን ማረም ግድ ሆነብኝ። አክስቴ ከላውንጁ የወጡት በገዛ ፈቃዳቸው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ነው። በዘበኛ የተያዝኩት እኔ ነኝ። የተያዝኩትም በዳቦ አይደለም፤ በነጠላ ጫማ ነው።

በየቤተሰቡ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። እናንተም ቤት አለ፤ ከሌለ እናንተው ናችሁ ማለት ነው። ከሰው አፍ ይልቅ ወረቀት የሚያምን፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ሲሉት እንኳ ማኅተም ያለው መሆኑን የሚያይ ሰው። የእኛ ቤት ድርሻ አክስቴ ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ንብረት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። በእሳቸው ዘመን ከዚያ ግምጃ ቤት ሳይፈረምበት የወጣ ነገር ቢኖር አየር ነው፤ እሱንም ቢሆን «በሩን ዝጉት» እያሉ በቁጠባ ነው ያስወጡት። ዘመድ አዝማዱ በስማቸው አይጠራቸውም። «ክብርት ወይዘሮ ደረሰኝ» ይላቸዋል፤ እሱንም በሌሉበት። እናቴን አንቺ እላታለሁ። አክስቴን አንቺ የሚል ሰው ግን ከእናቴ በቀር አልተፈጠረም።

አንድ ጊዜ ለጎረቤት መሰላል ሲያውሱ የርክክብ ወረቀት አዘጋጁ። «ሦስተኛው እርከን የላላ መሆኑን ተረካቢው ተነግሮት አውቋል» ይላል፤ ኮፒውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ጎረቤትየው በሳምንቱ ከዚያው ከሦስተኛው እርከን ወድቆ እግሩ ሲወለም፣ አክስቴ ሊጠይቁት የሄዱት አንድ ኪሎ ሙዝና ያንን ወረቀት ይዘው ነው። ሙዙን ለሚስቱ ሰጧት፤ ወረቀቱን ለእሱ አነበቡለት።

ጡረታ ሲወጡ ርክክቡ አራት ወር ፈጀ። ተተኪያቸው በሦስተኛው ወር ላይ እሱም ጡረታ ሊጠይቅ እንደነበረ ሰምቻለሁ፤ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም። የመጀመሪያው የልጅ ልጃቸው የተወለደ ቀን ደግሞ ነርሷ ሕፃኑን ስታስታቅፋቸው ጣቶቹን ቆጠሩ። ይህንንስ ማንም አያት ያደርገዋል። እሳቸው ግን «ሃያ፤ የተሟላ» ብለው የሚፈርሙበት ቦታ መፈለግ ጀመሩ።

«በቃል የተሰጠ በቃል ይጠፋል» ይላሉ። ይህንን ሲሉ እንኳ ጻፉልኝ የሚሉ ይመስላሉ።

ለመሳቅ አትቸኩሉ። ከእሳቸው የባሰ ዓይነት ሰው አለ፤ እሱም እኔ ነኝ። እሳቸው ያለውን ነገር ይቆጥራሉ፤ እኔ የሌለኝን ነገር እንዳለኝ ለማስመሰል ካለችኝ ላይ እከፍላለሁ። ከፎቶ ኮፒ ቤቴ አጠገብ የሚሠራ ልብስ ሰፊ አለ፤ መቀሱን እያንቀጫቀጨ ስለ ዓለም ሁሉ ያስተምረኛል። እንደምንሄድ ሲሰማ «ስማ፣ ላውንጅ ያልገባ መንገደኛ፣ መንገደኛ አይባልም፤ ጭነት ነው» አለኝ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ እንዲሉ፣ ይህች አነጋገር ጆሮዬ ውስጥ ጎጆ ሠራች። ልብስ ሰፊው በሕይወቱ አውሮፕላን ተሳፍሮ እንደማያውቅ ያወቅሁት ከተመለስኩ በኋላ ነው። ላውንጁን ያየው አንድ ደንበኛው ሱሪ ኪስ ውስጥ በተገኘ ወረቀት ላይ ነበር።

የጉዞው ምክንያት ግን ቀልድ አልነበረም። እናቴ ሌላ አገር፣ እህቴ ዘንድ ነው የምትኖረው። ሁለቱም ዓይኖቿ ከዓመት ዓመት እየከዷት መጥተው በመጨረሻ ሐኪሞቹ በቀዶ ሕክምና ይሠራ ብለው ቀን ቆረጡ። ብርሃኗ ሊመለስ ይችላል፣ ጭራሹን ሊጠፋም ይችላል፤ ይህንን ሳይደብቁ ነግረዋታል። እሷም ለታላቅ እህቷ ደወለች። ንግግራቸው ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። «እትዬ፣ ዓይኔን ከመሸፈናቸው በፊት ፊትሽን ልየው» አለቻቸው። አክስቴ የመለሱት ሦስት ቃል ነው፤ «ቀኑንና ሰዓቱን ንገሪኝ።»

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት። እኛ ረቡዕ አመሻሽ እንድንደርስ በሁለት አውሮፕላን የሚያገናኝ ቲኬት ተቆረጠ። አክስቴ ከዚያ በፊት ተሳፍረው ስለማያውቁ አጃቢ ያስፈልጋቸዋል ተባለና እኔ ተመረጥኩ፤ እኔ አንድ ጊዜ ተሳፍሬ አውቃለሁ። እሱንም ጊዜ ቢሆን ከመነሻ እስከ መድረሻ ተኝቼ ነው የሄድኩት፤ ይህንን ግን ማንም አልጠየቀኝም።

የመጀመሪያው አውሮፕላን ምንም አላስቸገረን። መሸጋገሪያው አየር ማረፊያ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገባን። ሁለተኛው የሚነሳው አራት ሰዓት ላይ ነበር፤ ሰሌዳው ላይ ግን በቀይ ፊደል፣ ዘግይቷል፣ ዘጠኝ ሰዓት ይላል። አክስቴ ሰሌዳውን ትክ ብለው አዩትና የዚህ ሰሌዳ ኃላፊ ማነው ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። ከዘጠኙ በኋላስ? አሉ። ሄጄ ጠየቅሁ፤ ከዘጠኙ በኋላ ያለው የማግስቱ የቀትር አውሮፕላን ነው። ያኔ የእናቴ ዓይን ተሸፍኗል። ይህንን ስነግራቸው የቦርሳቸውን ዚፕ ከፍተው መልሰው ዘጉት።

የመጠበቂያው ወንበር ብረት ነው፤ ጎንህን እየወጋ ትዕግሥት የሚያስተምር ዓይነት። አክስቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እኔም ያንን ሰበብ አድርጌ፣ በሆዴ ግን የልብስ ሰፊው ድምፅ «ጭነት፣ ጭነት» እያለኝ፣ ላውንጅ እንግባ አልኳቸው። እዚህ መቀመጥ ያስከፍላል ወይ ብለው ጠየቁ። አያስከፍልም። እዚያስ? ያስከፍላል። እዚያ ያለው ወንበር ቶሎ ያሳፍራል ወይ? አያሳፍርም። እኔ ግን ቦርሳቸውን አንስቼ ወደፊት ሄድኩ፤ ተከተሉኝ።

በሩ ላይ ያለችው እንግዳ ተቀባይ ዋጋውን ስትነግረኝ በሙያዬ በገጽ አሰብኩት። ለሁለታችን የአንድ ትምህርት ቤት ሙሉ የፈተና ወረቀት ማባዛት ይጠበቅብኛል፤ ያውም ፊትና ጀርባ። ልመለስ አልኩ። ከኋላዬ ግን ሱፉ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ሰውዬ ቆሟል። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ፣ «ይኼ ብቻ ነው?» የሚል ፈገግታ አሳይቼ ከፈልኩ። ፈገግታው ከገንዘቡ በላይ አደከመኝ።

አክስቴ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ክንዳቸውን አስደግፈው፣ ለዚህ ገንዘብ የምንረከበው ነገር በዝርዝር ይሰጠን አሉ። ልጅቷ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። ፈልጋ ፈልጋ አንድ ማስታወቂያ ሰጠቻቸው፤ ሦስት ዓይነት ሾርባ፣ ትኩስና ቀዝቃዛ መጠጥ፣ ፍራፍሬ፣ ጋዜጦች፣ ገላ መታጠቢያ፣ የማረፊያ ወንበር ይላል። ደረሰኙን አጥፈው የመነጽራቸው ማኅደር ውስጥ ከተቱና ማስታወቂያውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። እኔ ለማረፍ ነው የገባሁት። እሳቸው ለቆጠራ ነው።

ላውንጁ ምንጣፉ እግር የሚውጥ፣ ሰው ሁሉ የታመመ የተኛበት ቤት ይመስል የሚንሾካሾክበት አዳራሽ ነው። በእንዲህ ያለ ጸጥታ ውስጥ የአክስቴ ድምፅ ምን ያህል እንደሚሰማ አስቡት። «ሦስት ዓይነት ሾርባ ይላል፤ ያለው ሁለት ነው» አሉ። ጠና ያለ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ አስተናጋጅ መጥቶ ሦስተኛው እንዳለቀ አስረዳቸው። ያለቀበት ሰዓት የት ተጽፏል? አልተጻፈም። አክስቴ ከማስታወቂያው ኅዳግ ላይ ጻፉት። እኔ ፊቴን በጋዜጣ ሸፈንኩ፤ ጋዜጣው ደግሞ ያለፈ ሳምንት ነበር። ያንንም ጻፉት።

ከዚያ ወደ ሳንድዊቹ ተሻገሩ። አስተናጋጁ አዲሱን ከፊት እየደረደረ አሮጌውን ወደ ኋላ ሲገፋው አይተው ዝም ማለት አልቻሉም። «ልጄ፣ መጀመሪያ የገባ መጀመሪያ ይወጣል» ብለው እጃቸውን ታጥበው መጡና ድርድሩን ገልብጠው አሳዩት። ሰውዬው ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወተቱን የት እንደሚያስቀምጥ ሊያማክራቸው ሲመጣ አየሁት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስኒዎቹ ሳይደርቁ እየተደራረቡ እንደሆነ፣ ለአለቆቹም ዘወትር እንደሚነግራቸው፣ ግን ሰሚ እንዳጣ እያወጋቸው ነበር። አክስቴ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰሙታል። ሠላሳ አራት ዓመት የናፈቁትን ወዳጅ ያለ ቀጠሮ ያገኙ ይመስላሉ ሁለቱም።

እኔ ደግሞ የከፈልኩትን ላስመልስ ተነሳሁ። የተቀቀለ እንቁላል አልወድም፤ አራት በላሁ። የአናናስ ጭማቂ ምላሴን ይበላኛል፤ ሦስት ብርጭቆ ጠጣሁ፤ ምላሴም እኔም ተበላላን። ሌሊት ቤቴ ታጥቤ ነበር የወጣሁት፤ መታጠቢያው ተከፍሎበታል ብዬ እንደገና ታጠብኩ። ሁለቱንም ሾርባ ቀመስኩ፤ ከዚያም ልዩነታቸውን ስላላወቅሁ ደገምኳቸው። በአምስት ሰዓት ገደማ ሆዴን ይዤ ስቀመጥ ትርፍ ላይ መሆኔን አስቤ ኮራሁ። የሚገርመው፣ ሱፉ የሚያብለጨልጨው ሰውዬ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይዞ ተቀምጦ ነበር። ጭነቱ ማን እንደሆነ ከፊታችን ይታወቅ ነበር።

አክስቴ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈች፣ ከእኔ በቀር ሰው ሁሉ ያነበባት ጽሑፍ ነበረች፤ በዚህ አዳራሽ የበረራ ጥሪ አይደረግም፣ እባክዎን ሰሌዳውን ይከታተሉ ትላለች። አክስቴ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡልኝ።

«ጥሪ ከሌለ ይኼ መጠበቂያ አይደለም፤ መረሻ ነው» አሉኝ።

እኔም እግሬን እንደዘረጋሁ፣ ሰሌዳው እንዳለ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገና እንደሆነ፣ ሁሉንም እኔ እንደምከታተል፣ እሳቸው ብቻ እንዲያርፉ ነገርኳቸው። እንደ አጃቢ ሆኜ ነው የተናገርኩት፤ ድምፄ ውስጥ እንቁላል ነበረ። አክስቴ አላረፉም። ቦርሳቸውን አንጠልጥለው፣ አስተናጋጁን ተሰናብተው፣ አውሮፕላኑ ወደሚነሳበት በር፣ ወደዚያ የብረት ወንበር ሄዱ። ሲወጡ ልጅቷን የመውጫ ሰዓታቸውን እንድትመዘግብ ጠየቋት። የአክስቴ ቦርሳ በዳቦ ተሞልቶ ነበር የምትሉ ሰዎች፣ ልጅቷ ራሷ ምስክር ናት፤ ቦርሳቸውን ከፍተው አሳይተዋታል። ሳትጠይቃቸው።

እኔ የማረፊያ ወንበር ወዳለበት ክፍል ገባሁ። ቁልፉን ሲጫኑት የሚለጠጥ፣ ጀርባ የሚያሽ ወንበር ነው። ከሥሩ ነጭ ነጠላ ጫማ ተዘጋጅቷል፤ የላውንጁ ስም በወርቅማ ክር ተጠልፎበታል። ጫማዬን አወለቅሁ፣ ነጠላውን አጠለቅሁ፣ አንድ ዓይኔን ሰሌዳው ላይ ተከልኩ። ሌላኛውን ለትንሽ ጊዜ ላሳርፈው ብዬ ከደንኩት። ዓይን ደግሞ መንታ ነው፤ አንዱ ሲተኛ ሌላው ይቀናል።

ስነቃ እንግዳ ተቀባይዋ ትከሻዬን እየነቀነቀችኝ ነበር። አውሮፕላኑ ቶሎ ደርሶ ሰዓቱ ወደ ስምንት ተመልሷል፤ አሁን ለስምንት አሥራ ሁለት ደቂቃ ጉዳይ ነው፤ ከበሩ ተደውሎ ነው የመጣሁት አለችኝ። ክፍሉ ውስጥ ስድስት ሰው ተኝቷል። እኔን እንዴት ለየሽኝ አልኳት። አክስቴ በስልኩ የሰጡትን መግለጫ ጽፋ ይዛዋለች፤ ወፍራም፣ ግንባሩ እስከ ማጅራቱ የደረሰ፣ አፉን ከፍቶ የሚተኛ። ልጅቷ ቀጥ ብላ ወደ እኔ ነው የመጣችው፤ ሌሎቹን አምስት ቀና ብላ እንኳ አላየቻቸውም።

ሮጥኩ። ሰው ሲሮጥ ያምራል፤ እኔ ስሮጥ ግን የወደቀ ዕቃ የሚንከባለል እመስላለሁ። አራቱ እንቁላሎች በየፊናቸው ይሮጣሉ። የሚንቀሳቀሰውን ወለል በተቃራኒው ወጣሁበትና ለጥቂት ጊዜ አንድ ሱቅ ፊት ለፊት ባለሁበት ስሮጥ ቆየሁ፤ ሻጩ የምገዛ መስሎት ተነሳ። ከዚያ ስወርድ አንድ ግዙፍ ዘበኛ ክንዴን ያዘኝ። እግሬን አሳየኝ። በወርቅማ ክር የተጠለፈው የላውንጁ ስም ከነጠላው ላይ ያበራል።

ዘበኛው በሬድዮው መነጋገር ጀመረ። እኔ ስለ እናቴ ዓይን፣ ስለ አክስቴ፣ ስለ ሻንጣዬ በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት፤ ሌባ ሁሉ እናት አለው የሚል ፊት አሳየኝ። ደግነቱ እንግዳ ተቀባይዋ ጫማዬን አንጠልጥላ ከኋላዬ ስትሮጥ ደረሰች። ነጠላውን ሰው ፊት አወለቅሁ። የቀኝ ካልሲዬ አውራ ጣቴን ለዓለም አስተዋወቀ። ይህን ጊዜ ነው በዚያ የምታልፍ አንዲት የሰፈራችን ሴት ሻንጣዋን እየጎተተች ያየችኝ። ወሬው ያለ እኔ ፈቃድ ወደ ቤት የተሳፈረው በእሷ ነው። ዳቦው ከየት እንደገባበት ግን አላውቅም፤ መንገድ ላይ እርቦት ይሆናል።

ጫማዬን በብብቴ ይዤ በካልሲ እየተንሸራተትኩ ደረስኩ። በበሩ የሆነውን ያጫወተኝ፣ በሩን መጨረሻ ካለፉት አንዱ ሆኖ ነገሩን ለማየት እዚያው ዞሮ የቆመ፣ በኋላም አጠገቤ የተቀመጠ መንገደኛ ነው።

አክስቴ ከሁሉ ቀድመው ተሰልፈው፣ እኔ ስቀር ጊዜ ተራቸውን ለሌላው እያሳለፉ እስከ መጨረሻው ቆዩ። በመጨረሻ አንገቷ ላይ ሻርፕ ያሰረችው የበሩ ተቆጣጣሪ ይግቡ፣ ልንዘጋ ነው አለቻቸው። ስንት ሰው ተመዝግቧል? አሏት። መቶ ስድሳ ሁለት። ስንት ገባ? መቶ ስድሳ። እኔ ብገባስ? አሉ። መቶ ስድሳ አንድ።

«እንግዲያው ጉድለት አለ» አሉ። «ጉድለት ሳይጣራ መጋዘን አይታሸግም።»

ሴትዮዋ በትሕትና፣ ያልመጣ ሰው ይቀራል እንጂ አውሮፕላን አይቆምም አለቻቸው። አክስቴም በትሕትና፣ የቀረው ሰው ሻንጣ አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ እንዳለ አስታወሷት፤ ቡናማ፣ እጀታው በቀይ ገመድ የታሰረ። ባለቤቱ ሳይገባ ዕቃው ይሄዳል ወይ? አይሄድም፤ ሕጉ ተፈልጎ ይውረድ ነው የሚለው። «ይፈለጋ። የሚያወርደውም ይፈርም» አሏት። ሴትዮዋ ሬድዮዋን አነሳች። ከመቶ ምናምን ሻንጣ ውስጥ አንድ ቡናማ ሻንጣ ፍለጋ ሰዎች ወደ አውሮፕላኑ ሆድ ገቡ። ስልኩንም ወደ ላውንጁ ያስደወሉት ያኔ ነው።

መንገደኛው እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሴትዮዋ በመጨረሻ፣ እማማ፣ እሱ ቢቀር ይቅር፣ አሁን ካልገቡ እርስዎም ይቀራሉ፣ ነገ ቀን ነው የሚቀጥለው አለቻቸው። አክስቴ በመስታወቱ አውሮፕላኑን አዩ፤ ዞረው ባዶውን ኮሪደር አዩ። ከዚያ አንድ እግራቸውን ከበሩ ውስጥ፣ አንዱን ከውጭ አድርገው፣ በእጃቸው መቃኑን ይዘው ቆሙ። «ከዚያ የሚያስለቅቃቸው ሰው ቢመጣ እኔም አብሬያቸው እጮህ ነበር» አለኝ ሰውዬው።

እኔ ጥጉን ታጥፌ ብቅ ስል ያየሁት ይህንን ነው። አክስቴ ከላይ እስከ ካልሲዬ አዩኝና ወደ ሴትዮዋ ዞረው፣ «አንድ ገቢ። ይኸው ሞላ» አሉ።

ከተቀመጥን በኋላ ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት አናናስ አናናስ አለኝና ዘጋሁት። እንደገና ከፍቼ፣ ለምን ጥለውኝ አልሄዱም፣ እናቴ እኮ የጠራችው እርስዎን ነው አልኳቸው።

«ፊቴን ካየች በኋላ የምትለኝ 'ልጄስ?' ነው» አሉኝ። «ምን ብዬ ልፈርም?»

ከዚያ ከፊታቸው ያለውን የአደጋ ጊዜ መመሪያ አውጥተው ሁለት ጊዜ አነበቡ፤ የሕይወት አድን ጃኬቱ ከወንበራቸው ሥር መኖሩን ጎንበስ ብለው አረጋገጡ። የሚቆጠር ነገር ሲያልቅ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። በዕድሜዬ ሙሉ እነዚያን እጆች ሥራ ፈተው አላየኋቸውም። በዚያ ሁሉ ሰዓት ላውንጁ ውስጥ ምን እንደበሉ አሰብኩ። አንድ ብርቱካን ልጠው ግማሹን ለአስተናጋጁ ሲሰጡት ነው ያየሁት። እኔ የሁለታችንንም ስበላ እሳቸው ሾርባውን የቆጠሩት፣ ሳንድዊቹን የገለበጡት፣ ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓትን ላለማሰብ ነበር። እኔ ደግሞ በጋዜጣ ተሸፍኜ አፍሬባቸው ነበር፤ ያውም ባለፈ ሳምንት ጋዜጣ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ላውንጅ ያዋጣል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም፤ ልብስ ሰፊውም ጭምር። እንዲህ ነው የምለው፤ ወንበሩ ጥሩ ነው፣ እንቁላሉ ብዙ ነው፣ እንቅልፉ አንደኛ ነው። ግን ብቻህን አትግባ። ውጭ፣ ብረት ወንበር ላይ፣ አንድ ሰው ይኑርህ። እሱን አይሸጡልህም፤ የሚሸጡልህ የቀረውን ነው።

ሐሙስ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆስፒታል ገባን። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ እናቴ ሰማያዊ ጋውን ለብሳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። አክስቴ መስኮቱ ጋ፣ ብርሃኑ ፊታቸው ላይ እንዲያርፍ ሆነው ቆሙ፤ ሻርፓቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉት። እናቴ ተነስታ ተጠጋች፣ በጣም ተጠጋች፣ አፍንጫቸው ሊነካካ እስኪደርስ። ግንባራቸውን፣ ቅንድባቸውን፣ አገጫቸው ላይ ያለችውን ጠባሳ በዓይኗ ለቀመችው። ቆየች። እህቴ ወደ ግድግዳው ዞረች።

«አርጅተሻል፣ እትዬ» አለች እናቴ።

«አንቺም ብዙ አልቀረሽ» አሉ አክስቴ።

ሳቁ፤ የልጅነታቸው ሳቅ መሰለኝ፣ እኔ ያልነበርኩበት። ከዚያ እናቴ ወደ እኔ ዞራ ደበዘዝክብኝ ልጄ፣ ወፍረሃል መሰለኝ አለች። መሰላት ብዬ ሆዴን ወደ ውስጥ ሳብኩ። ነርሶቹ መጡ፤ አልጋውን እየገፉ ወሰዷት። በሩ ተከፍቶ ተዘጋ።

ኮሪደሩ ላይ ሦስታችን ተደርድረን ተቀመጥን፤ እህቴ፣ እኔ፣ አክስቴ። ከመጣን ጀምሮ፣ ከዚያም በፊት በስልክ፣ የሁላችንም አፍ ላይ የነበረው ቃል «ከተሳካ» ነው። ከተሳካ ትመለሳለች፣ ከተሳካ እናያለን፣ ከተሳካ እንነጋገራለን። አክስቴ በጎን ዞር ብለው አዩኝ። ያልተላጨ ጢሜን፣ የተጨማደደ ሸሚዜን፣ በእንቅልፍ ያበጠ ፊቴን በሙሉ ተመለከቱና ወደ ተዘጋው በር መልሰው ዞሩ።

«ሲገልጡላት መጀመሪያ አንተን እንዳታይ» አሉኝ፤ «ትደነግጣለች።»

እህቴ እጄን ጨበጠችው። ከዚያ ወዲያ ማናችንም «ከተሳካ» አላልንም።